በፍጥነት ጊዜ የሚመጣ የሞተር ብስክሌት ንዝረት፤ መንሥኤውን እንዴት እንለየው?

በገጠር አጥቢያዎች የልማት ሥራ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ያለው ድርሻ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተሰወረ አይደለም። የጎለበተውን ምንጭ የሚጎበኘው፣ የችግኝ ጣቢያውን የሚከታተለው፣ የቁጠባ ቡድኖችን መዝገብ የሚያሰባስበው ሠራተኛ መኪና የማይገባበት መንደር የሚደርሰው በዚሁ ነው። ንብረቱ የምእመናን ነው፤ የሚነዳውም የሰው ልጅ፣ የአንድ ቤት አባት ወይም ወንድም ነው። ስለዚህ ሞተር ብስክሌቱ ሲታመም የአጥቢያው ገንዘብና የአንድ ሰው ሕይወት በአንድነት አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

ይህ ትምህርት ከብዙዎቹ ብልሽቶች መካከል አንዱን ብቻ ይመለከታል፤ ይኸውም በዝግታ ሲነዳ ደኅና የሆነው ሞተር ብስክሌት ፍጥነት ሲጨምር የሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትን ሜካኒክ ለማድረግ አላሰብንም። ዓላማችን ኮሚቴው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ተገቢውን ጥያቄ እንዲጠይቅ፣ ነጂውም ያየውንና የተሰማውን በሥርዓት መናገር እንዲችል ማገዝ ነው።

፩. ለትምህርት የሚሆን ምሳሌ

አንድ አጥቢያ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አለው እንበል። ክረምቱን ሙሉ በጭቃና በጠጠር መንገድ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር እየተነዳ፣ ከኋላው የዘር ከረጢት እየተጫነበት ሲሠራ ከርሟል። በጥቅምት ወር የልማት ሠራተኛው የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ይዞ ወደ ወረዳው ከተማ ሲሄድ አስፋልት ላይ ወጣ። ፍጥነቱ 70 ሲደርስ መቀመጫውና የእግር መርገጫው ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ ወደ 60 ሲመለስ ረገበ።

ነገሩ ለኮሚቴው ተነገረና ሞተር ብስክሌቱ ወደ ጋራዥ ተወሰደ። «ጎማው አርጅቷል» ተባለ፤ አዲስ የኋላ ጎማ ተገዛ። ንዝረቱ ጥቂት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከወር በኋላ ደግሞ «ካቴናው ነው» ተባለ፤ ካቴናው ከነባለ ጥርስ ክቦቹ ተለወጠ። ንዝረቱ ግን በነበረበት ቀጠለ። በሦስተኛው ጊዜ ሠራተኛው መናገር አፈረ። «ይህን ያህል ወጪ ወጥቶበት አሁንም ያማርራል» እንዳይባል ፈርቶ ዝም አለ፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ሲቸኩል ደግሞ ንዝረቱን እየቻለ መንዳቱን ቀጠለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው ሳይመረመር መለዋወጫ መግዛት ነው፤ እርሱ ገንዘብ ያስከፍላል። ሁለተኛው የሠራተኛው ዝምታ ነው፤ እርሱ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሁለተኛው የተወለደው ከመጀመሪያው መሆኑን ልብ ይሏል። ወደዚህ ምሳሌ በኋላ እንመለሳለን፤ በቅድሚያ ግን የንዝረቱን ጠባይ እንረዳ።

፪. ንዝረቱ በፍጥነት ጊዜ ብቻ የሚሰማው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው «በ40 የማይንቀጠቀጥ በ70 የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብልሽቱ የሚፈጠረው በ70 ነው» ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብልሽቱ በ40ም፣ ቆሞ ሳለም አለ፤ ፍጥነቱ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ማጉላት ብቻ ነው።

በቁጥር እንመልከተው። የእነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ጎማ ዙሪያው ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰኮንድ 10 ሜትር ነው፤ ጎማው በሰኮንድ 5 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ በሰኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል። አሁን በቸርኬው ውስጠኛ ጎን፣ ከዘንጉ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ 30 ግራም የሚመዝን ደረቅ ጭቃ ተጣብቋል እንበል። በ36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ጭቃ ጎማውን ወደ ውጭ የሚስብበት ኃይል የሦስት ሩብ ኪሎ ክብደት ያህል ነው። በ72 ግን ኃይሉ ወደ 3 ኪሎ ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በእፍኝ የማይሞላ ጭቃ የራሱን ክብደት 100 ጊዜ ያህል አግንኖ፣ በየሰኮንዱ 10 ጊዜ ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትታል።

ሌላም ምክንያት አለ። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ሕፃን በትክክለኛው ጊዜ እየጠበቅን ብንገፋው በትንሽ ጉልበት ብዙ እንደሚወዛወዝ፣ የሞተር ብስክሌቱም አካል የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ልክ አለው። የጎማው ምት ከዚያ ልክ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ በአንድ ጊዜ ይጎላል፤ ያን ፍጥነት ሲያልፉት ደግሞ የቀነሰ ይመስላል። ስለዚህ አንዳንድ ነጂዎች «ነዳጅ ጨምሬ ባልፈው ይተወኛል» ይላሉ። ይህ አደገኛ ልማድ ነው፤ የሚሰማው ንዝረት ቢቀንስም፣ በኩሽኔታውና በቸርኬው ሽቦዎች ላይ የሚያርፈው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ ይሄዳልና።

፫. ከሙከራ በፊት፤ የአምስት ደቂቃ የደኅንነት ምርመራ

ንዝረት የተነገረበትን ሞተር ብስክሌት «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ወዲያውኑ መንዳት አይገባም። አስቀድሞ በቆመበት የሚከተለው ይታይ።

የፊትና የኋላ ጎማ ዘንግ ዳዶዎች ጠብቀዋል ወይ? ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ በቦታው አለ ወይ? ጎማው ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ክሩ የወጣ ቦታ አለበት ወይ? የተበጠሰ ወይም የወለቀ የቸርኬ ሽቦ አለ ወይ? ፍሬኖቹ ይይዛሉ ወይ? የመሪው ብሎኖች አልላሉም ወይ?

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ጉድለት ከተገኘበት ሞተር ብስክሌቱ ሳይጠገን ለሙከራም ቢሆን መንገድ መውጣት የለበትም። ምናልባትም የተፈለገው መንሥኤ እዚሁ ላይ ተገኝቷል።

፬. የመጀመሪያው መለያ፤ ጎማ ነው ወይስ ሞተር?

የምርመራው ሁሉ መሠረት ይህ ጥያቄ ነው። በሞተር ብስክሌት ላይ የሚዞሩ ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ። ጎማዎቹ በመንገዱ ፍጥነት ልክ ይዞራሉ። ሞተሩ ደግሞ በማርሹና በነዳጁ ልክ ይዞራል። ባለ አንድ ፒስተን ትንሽ ሞተር በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር በሰኮንድ 100 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በመሆኑም የሁለቱ ንዝረት በስሜት ይለያያል። የጎማ ንዝረት ሊቆጠር የሚቀርብ፣ የሚመታ፣ «ድብ ድብ» የሚል ነው፤ የሞተር ንዝረት ግን ደቃቅ ነው፤ እንደ ንብ ድምፅ ይነዝራል፣ መዳፍንና የእግር ጫማን ያደነዝዛል።

ስሜት ብቻ ግን በቂ ማስረጃ ስላልሆነ ሦስት ሙከራዎች ይደረጋሉ። ሙከራው የሚደረገው ልምድ ባለው ነጂ፣ የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ፣ ያለ ተሳፋሪና ያለ ጭነት፣ ቀጥ ባለ፣ ደረቅና ጭር ባለ መንገድ ላይ ነው። ንዝረቱ ከሚጀምርበት ፍጥነት በላይ መሄድ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ የማርሽ ሙከራ። ይህ ከሁሉ ይልቅ አደጋው አነስተኛ ስለሆነ ይቀድማል። ንዝረቱ በመጨረሻው ማርሽ በ70 የሚመጣ ከሆነ፣ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ፣ የሞተሩ ድምፅ በ70 ላይ ከነበረው ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ብቻ መንዳት ነው። በዚህ ጊዜ የመንገዱ ፍጥነት ምናልባት 55 ወይም 60 ቢሆን ነው። በዚህ አነስተኛ ፍጥነት ያው ንዝረት ከመጣ፣ የሚከተለው ሞተሩን ነው። ካልመጣ ወደ ጎማው ማዘንበል ይገባል።

ሁለተኛ፣ የፍሪሲዮን ሙከራ። ንዝረቱ በሚሰማበት ፍጥነት ላይ ሆኖ ነዳጁን መልቀቅና ፍሪሲዮኑን መያዝ ነው። ሞተሩ አይጠፋም፤ ወደ ዝቅተኛ ዙሩ ይወርዳል እንጂ። ሞተር ብስክሌቱ በራሱ ግፊት ሲንሸራተት ንዝረቱ ከቀጠለ መንሥኤው ከጎማ፣ ከኩሽኔታ፣ ከሹካ ወገን ነው። ወዲያውኑ ከጠፋ ግን ከሞተሩ፣ ከሞተሩ ማሰሪያዎች ወይም ኃይል ሲሸከም ብቻ ከሚያስቸግር ካቴና ወገን ነው።

ሦስተኛ፣ የቆሞ ሙከራ። ሞተር ብስክሌቱ ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩን ለጥቂት ሰኮንዶች ወደዚያው ድምፅ ማድረስ ነው። ቆሞም የሚነዝር ከሆነ ጎማው ከክሱ ነፃ ነው። ቆሞ ባይነዝር ግን ሞተሩ ፈጽሞ ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንድ የላላ ማሰሪያ የሚታወቀው ሸክም ሲሰማው ነውና።

ከሦስቱ ጋር ንዝረቱ የተሰማበት ቦታ ይመዝገብ። በመሪው ላይ የሚሰማ ንዝረት ወደ ፊት ጎማና ወደ መሪው አንገት ያመለክታል፤ በመቀመጫና በእግር መርገጫ የሚሰማ ወደ ኋላ ጎማ ወይም ወደ ሞተሩ። ይህ ጠቋሚ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

በሙከራ ጊዜም ሆነ በማናቸውም ጉዞ፣ መሪው በድንገት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ቢጀምር፣ ነጂው ፍሬን በኃይል መያዝ የለበትም፤ ከመሪውም ጋር መታገል የለበትም። መሪውን አጥብቆ ግን ሳይደርቅ ይዞ፣ ሰውነቱን ወደ ፊት ዝቅ አድርጎ፣ ነዳጁን ቀስ በቀስ እየለቀቀ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ ያድርግ። ከዚህ በኋላ ሞተር ብስክሌቱ መንሥኤው ሳይገኝ አይነዳም።

፭. የጎማ ወገን ሆኖ ሲገኝ፤ ከነፃው ወደ ውዱ

ምርመራው ምንም ከማያስወጣው ይጀምራል። አንድ ነገር ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ተነድቶ ይታያል፤ ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አይቻልም።

ሀ. እጥበት። ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ጎንና በሽቦዎቹ ሥር ይደርቃል፤ በአንድ በኩል ወድቆ በሌላው ሲቀር ሚዛን ያፋልሳል። ከክረምት በኋላ ንዝረት የተነገረበት ሞተር ብስክሌት ሳይታጠብ ሌላ ምርመራ አይጀመርም።

ለ. ጭነት። ከኋላው ከዘንግ አልፎ ከፍ ብሎ የተጫነ ዕቃ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሪው ይቅበዘበዛል። ያለ ጭነት የማይታይ፣ በጭነት ብቻ የሚመጣ ችግር መድኃኒቱ ጭነቱን መቀነስ፣ ዝቅ ማድረግና ወደ ፊት ማስጠጋት ነው።

ሐ. የጎማ ነፋስ። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከጉዞ በፊት ነው። ልኩ በአምራቹ መመሪያ ወይም በአካሉ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። ለጠጠር መንገድ ሲባል ነፋሱ የተቀነሰ ጎማ አስፋልት ላይ በዚያው ቢነዳ መዋለሉ የማይቀር ነው።

መ. የጎማው አቀማመጥ። በጎማው ጎን፣ ቸርኬው አጠገብ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። ይህ መስመር ከቸርኬው ጠርዝ ያለው ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የወጣ ከሆነ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም፤ አዲስ ጎማ በተገጠመ ማግስት የሚመጣ ንዝረት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ጎሚስታው ነፋሱን አውጥቶ፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አለስልሶ እንደገና ይነፋዋል።

ሠ. የቸርኬው ሽቦዎች። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሽቦዎቹ በትንሽ ቁልፍ አንድ በአንድ ይመታሉ። የጠበቀ ሽቦ እንደ ደኅና ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው እንደ ተሰነጠቀ ደወል ይደነቁራል። ድምፅ ለመለየት የሠለጠነ ጆሮ ያላቸው ካህናት በዚህ ምርመራ ከሜካኒኩ ሊበልጡ ይችላሉ። የላላው ሲጠብቅ ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፤ አንዱ ብቻ እጅግ ከጠበቀ ቸርኬውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ጫፉም ወደ ውስጥ ወጥቶ ከመነዳሪውን ሊበሳ ይችላል።

ረ. የቸርኬው መጣመም። ቀጭን እንጨት በሹካው ላይ ታስሮ ጫፉ ወደ ቸርኬው ጠርዝ ይጠጋል፤ ጎማው በእጅ በዝግታ ይዞራል። በእንጨቱና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ታች ሲሰፋና ሲጠብ ይታያል። በብዙ አምራቾች መመሪያ የሚፈቀደው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ቸርኬው ወደሚያቀና ባለሙያ ይሄዳል።

ሰ. ኩሽኔታዎች። ጎማው ከመሬት እንደተነሣ ከላይና ከታች ተይዞ ወደ ግራና ቀኝ ይነቀነቃል። «ቋ» የሚል ድምፅ ወይም ክፍተት ከተሰማ የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ለመሪው አንገት፣ የፊት ሹካው ከታች ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል፤ ክፍተት መኖር የለበትም። መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ሲዞር መሐል ላይ ተደናቅፎ የሚቆም ከሆነም ኩሽኔታው ተጎድቷል። የኋላ ሹካው እንዲሁ ወደ ጎን ተገፍቶ ይታያል።

ሸ. የኋላ ጎማ አሰላለፍ። ካቴናው በተወጠረ ቁጥር የኋላ ጎማው ሊጣመም ይችላል። በኋላ ሹካው በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸው ይረጋገጥ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ጎማው በእጅ እየዞረ የካቴናው ልልነት በተለያየ ቦታ ይለካ። በአንድ ቦታ የጠበቀ በሌላው የላላ ከሆነ ካቴናው እኩል አላለቀም። ይህ ሲደረግ ጣት በካቴናውና በጥርሱ መካከል እንዳይገባ፣ ሞተሩም እንዳይነሣ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ቀ. ሚዛን። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ንዝረቱ ከቀጠለ የጎማው ሚዛን ይታያል። ጎማው በነፃነት እንዲዞር ፍሬኑ ላልቶ፣ የኋላው ከሆነ ካቴናው ወልቆ፣ በቀስታ ተገፍቶ በራሱ እንዲቆም ይተዋል። በታች የቀረው ቦታ በጠመኔ ይመለከታል። ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ሲደገም ያው ቦታ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚመጣ ከሆነ ከባዱ ወገን እርሱ ነው። ባለሙያው ከባዱ ወገን ትይዩ በሆኑት ሽቦዎች ላይ ጥቂት የእርሳስ ክብደት ያስራል፤ ጎማው በየትኛውም ቦታ መቆም ሲጀምር ሚዛኑ ተስተካክሏል። ለጭቃ የተሠራ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ግን በአስፋልት ላይ ሚዛኑ ቢስተካከልም የራሱ የሆነ መንዘር አለው፤ ይህኛው ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ስለሚሰማ ከሌላው ይለያል።

፮. የሞተር ወገን ሆኖ ሲገኝ

ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ከተፈጥሮው ጥቂት ይነዝራል፤ ይህ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ከቀድሞው ሲለወጥ ነው። እዚህም ምርመራው ከነፃው ይጀምራል። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች፣ የጭስ ማውጫው ማሰሪያ፣ የእግር መርገጫውና የመሪው መቆንጠጫ በቁልፍ ይፈተሻሉ። ሁሉም ከጠበቁ በኋላ በእያንዳንዱ ብሎን ራስና በተቀመጠበት ብረት ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይበጃል፤ በሚቀጥለው ወር መስመሩ ተሰብሮ የታየበት ብሎን መላላቱን ራሱ ይናገራል።

ማሰሪያው ሁሉ ጠብቆ ንዝረቱ የሚቀጥል ከሆነ፣ በተለይም የብረት መንኳኳት ድምፅ ከተጨመረበት ወይም ሞተሩ በቅርቡ ተፈትቶ ከነበረ፣ ጉዳዩ ሞተሩን ከፍቶ ለሚያይ ባለሙያ ይተዋል። ኮሚቴው እስከዚህ ድረስ የሰበሰበው መረጃ የባለሙያውን ሥራ ያሳጥርለታል።

፯. ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ

ያ አጥቢያ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ምን ያገኝ ነበር? ንዝረቱ የተሰማው በመቀመጫና በእግር መርገጫ ነው፤ የሚመታ እንጂ የሚነዝር አልነበረም። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በተመሳሳይ የሞተር ድምፅ አይመጣም። ፍሪሲዮን ተይዞም ይቀጥላል። እንግዲህ ሞተሩ ነፃ ነው፤ ኃይል ሳይሸከምም ስለሚንቀጠቀጥ ካቴናው ዋና ተጠርጣሪ አይሆንም፤ የቀረው የኋላ ጎማ ነው። ሽቦዎቹ ሲመቱ በአንድ ወገን ጎን ለጎን ያሉ አራት ሽቦዎች ይደነቁራሉ፤ ቸርኬው በእንጨቱ ሲለካ 5 ሚሊ ሜትር ይዋልላል። የዘር ከረጢት ተሸክሞ በድንጋያማ መንገድ የከረመ ጎማ እንዲህ ቢሆን አይደንቅም።

አዲሱ ጎማ ሲገባ ንዝረቱ ጥቂት የቀነሰውስ ለምንድን ነው? ጎሚስታው ጎማውን ለመቀየር ቸርኬውን ሲያጥብ የደረቀው ጭቃ ስለወረደ ነው። መንሥኤው ሁለት ነበር፤ አንደኛው ሳይታወቅ በእጥበት ተወገደ፤ ሁለተኛው በቦታው ቀረ። ጎማው ያልሠራውን በጎ ሥራ ተመሰገነበት፤ ካቴናውም ባላጠፋው ጥፋት ተቀጣ። ሽቦዎቹን ለማጥበቅና ቸርኬውን ለማቅናት የሚጠይቀው የእጅ ዋጋ ከጎማና ከካቴና ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። የላሉት ሽቦዎች ግን ሳይታዩ ቢቀጥሉ የቀሩት ሸክሙን ብቻቸውን እየተሸከሙ አንድ በአንድ ይበጠሱ ነበር፤ ይህም የሚሆነው በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሊሆን ይችል ነበር። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።

፰. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከላይ የተነገረው ሁሉ የሚጠቅመው ነጂው የተሰማውን ሳይፈራ ሲናገር ነው። «ንዝረት አለው» ብሎ የመጣ ሠራተኛ ንብረት አበላሸ ተብሎ የሚጠየቅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም። ስለዚህ ኮሚቴው የመጀመሪያ ጥያቄውን «ምን አድርገኸው ነው?» ሳይሆን «በስንት ፍጥነት፣ በስንተኛ ማርሽ፣ የትኛው የሰውነትህ ክፍል ላይ ተሰማህ?» ብሎ ይጀምር። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ይመረምራል፤ ሁለተኛው ሞተር ብስክሌቱን።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ደብተር ከሞተር ብስክሌቱ ጋር ይኑር። በእያንዳንዱ ገጽ ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ ንዝረቱ የጀመረበት ፍጥነትና ማርሽ፣ መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር መሆኑ፣ ጭነት መኖር አለመኖሩ፣ ንዝረቱ የተሰማበት ቦታ፣ የተደረገው ሙከራና ውጤቱ፣ በመጨረሻም የተለወጠው ነገርና ከለውጡ በኋላ የታየው ይጻፍ። ነጂ ሲቀየር ደብተሩ ለተተኪው ይተላለፋል።

የጥገና ወጪ ሲጠየቅ ገንዘብ ያዡና ሰብሳቢው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ክፍል መበላሸቱ በየትኛው ሙከራ ታወቀ? ከእርሱ የሚቀልል ምርመራ ሁሉ ተደርጓል ወይ? የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ይመለሳል ወይ? ጥሩ ሜካኒክ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ይልቁንም ሥራውን የሚያውቅለት ደንበኛ በማግኘቱ ደስ ይለዋል።

በመጨረሻም ኮሚቴው ሞተር ብስክሌቱን የማቆም ሥልጣን ለማን እንደሰጠ በቃለ ጉባኤ ይወስን። ሪፖርት ቢዘገይ ይቅርታ ይጠየቅበታል፤ ስብሰባ ቢያልፍ ሌላ ቀን ይቀጠራል። ነጂው «ዛሬ አይነዳም» ሲል ቃሉ ያለ ክርክር የሚጸናበት አጥቢያ ንብረቱንም ልጁንም ይጠብቃል።

፱. የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ባለፈው ዓመት ለሞተር ብስክሌት ከተገዙት መለዋወጫዎች መካከል በምርመራ የተረጋገጡት የትኞቹ ናቸው? በግምት የተገዙትስ?

2. አንድ ሞተር ብስክሌት በ65 ኪሎ ሜትር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ፍሪሲዮን ሲያዝ ወዲያውኑ ይተወዋል፤ በዝቅተኛ ማርሽም በ50 ላይ ያው ንዝረት ይመጣል። ምርመራው ከየት መጀመር አለበት? ለምን?

3. አዲስ የፊት ጎማ ከተገጠመ በኋላ በመሪው ላይ የሚሰማ ንዝረት መጣ። ሌላ ጎማ ከመግዛታችን በፊት የምንመለከታቸውን አራት ነገሮች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።

4. ነጂያችን ብልሽትን ሳይፈራ የሚናገርበት ሥርዓት አለን ወይ? ከሌለን በሚቀጥለው ስብሰባ ምን እንወስናለን?

እነዚህ ጥያቄዎች ኮሚቴው ከነጂውና ከተቻለም ከአካባቢው ሜካኒክ ጋር ሆኖ፣ ሞተር ብስክሌቱን መሐል አቁሞ ቢወያይባቸው የተሻለ ፍሬ ያፈራሉ። ሽቦዎቹን በቁልፍ እየመቱ ድምፃቸውን መለየት ብቻውን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከመስከረም ጭቃ በኋላ፣ አስፋልት ላይ ከሚወጣበት ቀን በፊት ቢደረግ ጊዜው ያኔ ነው።